ያልመዘንኩት መስቀል

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ መቋሚያ ጋር ተጣላሁ። ከመቋሚያው ጋር እንኳ አይደለም፤ መቋሚያውን «ክራንች» ብሎ ከመዘገበው ሰው ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት የመቐለ ሙዚየም ዕቃዎቹን ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ አወጣቸው። ዳታቤዝ ይሉታል። ማንም ሰው የትም ሆኖ የዕቃውን ስም ወይም ቁጥር ሲጽፍ ፎቶው ይመጣለታል። ከፎቶው ሥር ቁመቱ፣ ክብደቱና የመጣበት ቦታ አለ። እኛ በእጃችን የጻፍነው የድሮው ካርድ ሳይቀር ፊቱም ጀርባውም ተነሥቶ ይታያል። ልጄ ታብሌት ገዝታልኛለች፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከምሳ በኋላ እከፍተዋለሁ። ባለቤቴ «ጡረታ ወጣሽ ወይስ የሥራ ሰዓት ቀየርሽ?» ይለኛል።

እና ክራንች! ስንት ማሕሌት የተቆመበት መቋሚያ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዝ ሆኖ ቁጭ! ከሥሩ «አስተያየት ይስጡ» የሚል ሣጥን አለ። «ይህ ክራንች አይደለም፣ መቋሚያ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለው? ይታረም። ብርኽቲ፣ የቀድሞ መዝጋቢ» ብዬ ላክሁ። በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ብርኽቲ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ቤዛ።

ቤዛ እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምታስተምር የሐዋሳ ልጅ ናት። ዳታቤዙን ከሙዚየሙ ጋር ሆና ያቋቋመችው እሷ ናት። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አብረን ሠርተናል፤ የእኔን ጽሕፈት የምታነበው እሷ፣ የእሷን ኮምፒውተር የምፈራው እኔ።

«አንቺ ልጅ፣ መቋሚያ አታውቂም?»

«እኛ ቸርች መቋሚያ የለማ፣ እትዬ! ጊታር ነው ያለው።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀልቤ እዚያው ቀረ። ጸናጽል ዘቅዝቀው አንሥተው አገኘሁ፣ ጻፍኩላቸው። የዳዊት ማሕደር «የትከሻ ቦርሳ» ተብሎ አገኘሁ፣ ጻፍኩላቸው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳልጽፍ ዝም ብዬ አያለሁ። «ከበሮ» ስል አሥራ አንድ ከበሮ ተደርድሮ ይመጣል። በሥራዬ ዘመን እነዚህ ከበሮዎች በሦስት ክፍል ተበትነው ስለነበር አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም፤ ሁለቱ ከአንድ ባለሙያ እጅ እንደወጡ ያወቅሁት ጡረታ ወጥቼ በረንዳዬ ላይ ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቆጨኝ።

አንድ ቁጥር ግን አልጽፍም ነበር። 417። «መስቀል» ብዬም አልፈልግም፤ ከፈለግሁ ይመጣላ።

ቤዛ ልብ ብላለች። «እትዬ፣ ሁሉን ነቅሰው ጨረሱ፤ መስቀሎቹ ላይ ግን አንድም አስተያየት የለዎትም። እነሱን እንከን የለሽ አድርጌ ሠራኋቸው ማለት ነው?» አለችኝ።

«ገና አልደረስኩባቸውም» አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ ለማስረዳት ከሥር መነሣት አለብኝ።

ሙዚየም የገባሁት ትኬት ቆራጭ ሆኜ ነው። ደመወዙ ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። አንድ ቀን የምዝገባ ክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ዓለምነህ በትኬት ጉርድ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር አዩና መስኮቴ ላይ ቆሙ። «ይህ ጽሕፈት የማን ነው?» የኔ ነው አልኳቸው። «ነገ ወደኔ ነዪ። ቁጥር መጻፍ ትችያለሽ፤ የቀረውን አስተምርሻለሁ» አሉኝ። የጎጃም ሰው ናቸው። ትግርኛ ይሰማሉ እንጂ አፋቸው እሺ አይላቸውም፤ ስለዚህ ክፍላችን በአማርኛ ነው የሚሠራው። እስከ ዛሬ ስናደድ አፍሽ ጎጃም ይገባል ይለኛል ባለቤቴ።

ጋሼ ዓለምነህ ዕቃ ቤት ከመግባታቸው በፊት ቀለበታቸውንና ሰዓታቸውን አውልቀው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። በሩ ላይ ምስማር መትተው አንድ ባዶ ጣሳ ሰቅለዋል፤ እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ እዚያ ጥሎ ነው የሚገባው። ትልቅ እንግዳ መጥቶ ሲያቅማማ ጣሳውን አውርደው አፍንጫው ሥር ሲይዙለት አይቻለሁ። ውስጥ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ እርሳሱንም በምላጭ ይቀርጹታል። ዕቃ በአንገቱ አይነሣም፤ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን። ስሳሳት «ሕፃን በጆሮው ታነሻለሽ?» ይሉኛል።

የኔ ሥራ ቁጥር መጻፍ ነበር። ቀላል ይመስላል። የማይታይ ቦታ ትመርጫለሽ፣ ታጸጃለሽ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥሩን ትጽፊያለሽ፣ ከላይ ደግሞ ሌላ የጥፍር ቀለም። ለዚህ ሲባል ብዕርና ቀለም የሚሠራበት ጠረጴዛ ከዕቃ ቤቱ ውጪ ነበረን። የግዢ ክፍሉ ሰው «የጥፍር ቀለም» የሚል ጥያቄ በደረሰው ቁጥር ወረቀቱን ይዞ እየሳቀ ይመጣና ጥፍሬን ያያል። ጥፍሬ ሁልጊዜ ባዶ ነበር፤ ሙዚየሙ ብቻ ነው የተኳለው።

ከሁሉ የምንሥቀው ግን በሚዛናቸው ነው። ከዕዳጋ ሰኑይ፣ ከሰኞ ገበያ፣ የገዙት የማር ሚዛን ነበራቸው፤ ትንንሾቹን መመዘኛዎች ከአንጥረኛ ለምነው ጨምረውበታል። ካርዳችን ላይ የክብደት መስመር የለም። እሳቸው ግን የገባውን ሁሉ ይመዝኑና ካርዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ያሰፍራሉ። በውሰት የመጣ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ።

«ጋሼ፣ ቅቤ ልንሸጥ ነው?» እላቸዋለሁ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ዐይን ይታለላል፤ ሚዛን ግን ዘመድ የለውም።»

ገጠር ለቆጠራ ስንወጣ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሴት ስለሆንኩ ዕቃ ቤቱ አልገባም፤ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፣ ቄሰ ገበዙ ንዋየ ቅድሳቱን አንድ በአንድ እያወጣ ያሳየኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቄሰ ገበዝ ማለት የደብሩን ዕቃ የሚጠብቅ፣ ቁልፉ በእጁ ያለ ካህን ነው። ያው የኛው ሥራ ነው፤ እነሱ ያለ ካርድ በልባቸው ይዘውት መኖራቸው ብቻ ነው ልዩነቱ። ቀሺ ተኽለንም ያወቅኋቸው በዚህ ዓይነት ጉዞ ነው፤ ቄስን በኛ ቀሺ ነው የምንለው። ከውቅሮ ወዲያ ያለች የአንዲት ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ። የደብሯን ስም ልተወው።

ስምንተኛ ዓመቴ ላይ ሙዚየሙ ዐውደ ርዕይ ሊከፍት የቀሺ ተኽለን ደብር መስቀል በውሰት ለመነ። የመጾር መስቀል ነው፣ በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ በክብረ በዓል የሚወጣው። ሽማግሌዎቹ እምቢ ብለው ነበር። ቀሺ ተኽለ «እኔ ዋስ እሆናለሁ፣ እኔው አስረክቤ እኔው እቀበላለሁ» ብለው አሳመኗቸው። በዚያው ሳምንት አንድ ቤተሰብ ሌላ መስቀል ለሙዚየሙ በስጦታ አመጣ። ሁለቱ መስቀሎች ከአንድ አባት የተወለዱ ይመስላሉ። ቁመታቸው አንድ፣ ናሳቸው አንድ፣ ሐረጋቸው አንድ። ጋሼ ዓለምነህ ሁለቱንም መዘኑ፣ ካርድ ከፈቱላቸው፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ሲሄዱ «ቁጥሩን አንቺ ጻፊ። ሲወጣ መመዘኑን እንዳትረሺ» አሉኝ።

የመጾር መስቀል በእኛ አገር ራቁቱን አይቆምም፤ ክንዱ ላይ ጨርቅ ይታሰርለታል፣ ልብሱ ይባላል። የደብሩ መስቀል ቀይ ለብሶ ነው የመጣው፣ የስጦታው አረንጓዴ። ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ልብሶቹ አቧራ አቧራ ሸተቱኝና ሁለቱንም አውልቄ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። አሁን ጥፋቴን ስሙልኝ። «የውሰት ዕቃ» የሚለውን መለያ ወረቀት ያሰርኩት መስቀሉ ላይ አልነበረም። ልብሱ ላይ ነው ያሰርኩት! የሙዚየሙ ኃላፊ ለስብሰባ ጠራኝ። ስመለስ ሰዎች ጠረጴዛውን ፈልገው መስቀሎቹን አንሥተው ጥግ አስቀምጠዋቸዋል። ቀኝ የነበረው ቀኝ እንደሆነ አምኜ ቀዩን ለአንዱ፣ አረንጓዴውን ለሌላው አለበስኩ። ባለ አረንጓዴው የኛ ነው ብዬ ዘንግ የሚሰካበት ቱቦ ውስጥ 417 ጻፍኩበት። ሳነሣው ከበድ አለኝ። ደክሞኝ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ቀሺ ተኽለ መጡ። መኪናው ሞተሩን አላጠፋም፣ ሹፌሩ ይጮኻል። መስቀላቸውን ቀዩን እንደለበሰ ሰጠኋቸው፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። ሚዛኑ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መስቀሉን በነጠላ ጠቅልለው በአውቶቡስ ተመልሰው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። በትግርኛ ነው የተነጋገርነው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ልብሱ የኛ ነው። መስቀሉ የኛ አይደለም።»

«አባ፣ ይኸው ፊርማዎ።»

«ፈርሜያለሁ። ልብሱን አይቼ ፈረምኩ። ከዲቁናዬ ጀምሬ የተሸከምኩት ነው፤ ትከሻዬ ያውቀዋል።»

ኃላፊው ወጣና «ወረቀቱ ምን ይላል?» አለኝ። «ወረቀቱ ልክ ነው» አልኩ። «እንግዲያ ምን ያጨቃጭቃል?» ብሎ ገባ። ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን ማየት፣ መስቀሉን ሚዛን ላይ ማውጣት ይቀረኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ያልመዘንኩት ረስቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። ካልገጠመስ? ሥራዬን ላጣ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የመዝጋቢነት ቅጥሬ ገና አልጸደቀም። ካልመዘንኩት አላወቅሁም ማለት ነው፤ ካላወቅሁ ደግሞ አልበደልኩም። የሞኝ ሒሳብ!

ሁለተኛ ጊዜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አገሩ «ቄሱ ሸጦት ነው» ማለት ጀምሯል። ሦስተኛ ጊዜ ብቻቸውን መጡ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለዋቸዋል። «ለነፍስሽ ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ እዪው» አሉኝ። «ኃላፊው የሉም አባ» አልኳቸው። ኃላፊው ከግድግዳው ወዲያ ሻይ እየጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ጋሼ ዓለምነህ ከሦስት ወር በኋላ ከስተው፣ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ተመለሱ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ሲወጣ መዘንሽው?»

«መዘንኩት ጋሼ።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያ ቄሱ ተሳስተዋል» አሉና ወደ ካርዳቸው ተመለሱ። አመኑኝ! ለሰው ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚመዝኑ ሰውዬ እኔን ሳይመዝኑ አመኑኝ። በዓመቱ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ፤ ዕረፍታቸውን በስልክ ሰማሁ። የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ያህል ለወለደኝ አባቴም አላለቀስኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ በውጪ ሲያዩት ደኅና ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ፣ አራት አለቃ ቀያየርኩ፣ ወጣቶች አሠለጠንኩ። ጣሳዋንም በሩ ላይ አቆየሁ። ሚዛኑን ግን «አርጅቷል» ብዬ መጋዘን አስገባሁት። 417ን ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አስቀመጥኩትና በዚያ በኩል ሳልፍ ሌላ ቦታ የማይ ሰው ሆንኩ።

ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ የሚጽፉ ሞልተዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ደመወዝ ቀረ። ወደ ሥራ ስንመለስ መጀመሪያ የከፈትነው የካርዶቹን መሳቢያ ነው። ካርዶቹ ነበሩ፣ ተመስገን። ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ሁላችንም ያመንነው ያኔ ነው፤ ቤዛም ካሜራዋንና ኮምፒውተሯን ይዛ የመጣችው በዚያ ሰበብ ነው። የካርዱን ፊት አንሥታ «ጀርባውንም ላንሣ?» አለችኝ።

«ተዪው፣ ባዶ ነው።»

«ባዶም ቢሆን ባዶነቱ ይታይ» አለችና አነሣችው። ዕቃዎቹንም በአዲስ ሚዛን አንድ በአንድ መዘነች። እኔ ያን ሰሞን የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ።

እንግዲህ በረንዳዬ ላይ ሆኜ መስቀሎቹን ያልፈለግሁት ለዚህ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤዛ ደወለች።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ መጥቶብኛል። አንድ ተማሪ ከሩቅ አገር ሆኖ ዳታቤዙን ሲያይ 417 ላይ ጽፏል። ካርዱ ጀርባ በእርሳስ ያለው ክብደትና እኛ አሁን የመዘንነው አይገጥምም፣ የቱ ነው ስሕተቱ ይላል። የጋሼ ዓለምነህ የገበያ ሚዛን የተበላሸ ነበር ብዬ ልመልስለት?»

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። «ምን? የማን ሚዛን?»

«ምነው ተቆጡ?»

«እንዳትመልሺ! ቆይ፣ ምንም እንዳትጽፊ!»

ስልኩን ዘጋሁ። አንድ ሐቀኛ ሰው አስጠርጥሬ ሃያ አራት ዓመት ኖርኩ። አሁን ደግሞ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ፣ ሁለተኛው ሐቀኛ በመቃብሩ ሆኖ ሚዛኑ ውሸታም ሊባል ነው፤ ያውም ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ! አይሆንም አልኩ። ታብሌቱን አንሥቼ 417 ጻፍኩ።

መጣ። ፎቶው ግሩም ነው፤ በጣቴ ሳሰፋው ቱቦው ውስጥ የጻፍኩት ቁጥር ከነጥፍር ቀለሙ ይታያል። ካርዱን ገለበጥኩ። የጋሼ ዓለምነህ የእርሳስ ጽሕፈት፦ «ያለ ልብስ፣ 1 ኪሎ ከ690።» የቤዛ ሚዛን፦ 2 ኪሎ ከ130። ከዚያ የውሰት ካርዶቹን ፈለግሁ፤ እነሱንም አስገብታቸዋለች። የደብሩን አገኘሁ፣ ገለበጥኩት። «ያለ ልብስ፣ 2 ኪሎ ከ140። መውጫ፦» ይላል፤ ከመውጫ ቀጥሎ ባዶ ነው። ያ ባዶ የኔ ነው። አሥሯን ግራም ለማር ሚዛኑ እተውለታለሁ።

ታውቃላችሁ፣ እደነግጣለሁ ብዬ ነበር። አልደነገጥኩም። በጫማ ውስጥ የኖረ ጠጠር ሲወጣ እንደሚሰማው ነው የተሰማኝ። ወዲያው ለቤዛ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልብሱን፣ መለያ ወረቀቱን፣ ቀሺ ተኽለን፣ ለጋሼ የዋሸሁትን፣ የዓመት ፈቃዴን ሳይቀር።

«እትዬ ብርኽቲ፣ ጡረታዎትን ቢነኩብዎትስ?»

«ይንኩት!» አልኳት። «መጀመሪያ ግን ሰውየው በሕይወት መኖራቸውን እንወቅ።»

የደብሩን ጸሓፊ ስልክ እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ ደወልኩ። «ቀሺ ተኽለ አሉ?» «አሉ። እርጅና ተጫጭኗቸዋል እንጂ አሉ።» እፎይ! ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ነገር ነው፦ ማመልከቻ፣ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም። የአሁኑ ኃላፊ ወጣት ነው፤ አንብቦ ሲጨርስ «እርስዎ ባይናገሩ ማን ያውቅ ነበር?» አለኝ። «አንድ የማላውቀው ተማሪ» አልኩት። ጡረታዬን ማንም አልነካውም።

በሁለት ወሩ፣ አንድ እሑድ፣ በሙዚየሙ መኪና ሄድን። መስቀሉን ከኋላ ወንበር ከቤዛ ጋር በመሐላችን ይዘነዋል፤ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ጠበቀን። ቀሺ ተኽለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጥነዋል፣ ጺማቸው ነጭ ሆኗል። አላወቁኝም።

ቤዛ ሙዚየሙ የጻፈውን ደብዳቤ ሰጠችኝ፤ እኔ በትግርኛ እያነበብኩ ልነግር ነው። «በምዝገባ ሒደት በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት…» ብዬ ጀመርኩ። ክፍተት! ክፍተት መስቀል አይለውጥም፣ ቄስ አያሳማም። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ብርኽቲ እባላለሁ። የሁለቱን መስቀሎች ልብስ ያለዋወጥኩት እኔ ነኝ። ቀሺ ተኽለ ሦስት ጊዜ መጥተው እውነቱን ነገሩኝ። መዝኚው ተብዬ ሳልመዝን መዘንኩ ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው አልሸጡም። የናንተ መስቀል አንድ ቀን እንኳ ከሙዚየሙ አልወጣም፤ ይኸው።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ያኔ አብረዋቸው ከመጡት አንዱ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት፣ ተንቀጥቅጠው ሄዱና ቀሺ ተኽለ እግር ላይ ወደቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። የሙዚየሙን መስቀል ከዕቃ ቤት አወጡልን። አዲሱ ቄሰ ገበዝ ሲያስረክበኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚያ ክፉ ጊዜ ይህን ተሸክመው ዋሻ ውስጥ የደበቁት እሳቸው ናቸው። የኛ ባይሆንም የሰው አደራ ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል አሉ» አለኝ። እዚያው ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ።

ምሳ ቀረበ። ቀሺ ተኽለ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ይፍቱኝ አባ» አልኳቸው።

ወዲያው አልፈቱኝም። «ለምን ዘገየሽ?» አሉኝ።

«ፈርቼ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ቢጠረጥረኝ ቻልኩት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ አንድ ቀን ‹ምናልባት ተሳስተህ ይሆናል› አለችኝ። ለሐዘኔ አዝና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዜማው ትክክል ነው ወይ እላለሁ። የልጄን ስም ስጠራ ልክ ነው ወይ እላለሁ። የተሸከመውን መስቀል የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ያውቃል ብዬ።» ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለካ ደኅና ኖሯል።»

ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ አሁን ብዪ፣ መንገደኛ ነሽ።»

ስንመለስ መንገዱን አላየሁትም። ቤዛ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ መቐለ መግቢያ፣ ኲሓ ደርሰናል።

«እትዬ፣ ከውቅሮ ጀምሮ ሲያንኮራፉ እኮ ነው የመጡት። ሹፌሩ ሬዲዮውን አጠፋልዎት።»

«ይክፈተው» አልኳትና ዞሬ ተኛሁ።